«መርፌው ከአሳማ ነው አሉን»፦ ስለ ኮሮና፣ ስለሚረጋ ደምና በመስጂድ በር ላይ ስለምንሰጠው መልስ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትተናል። የሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ ድሮ ጽፈነው ነበር። የራሳችን ጥፋት ሆነና ብዕሩ ከበደን። ዛሬ ግን ከዝምታው ይልቅ መናገሩ ይጠቅማል ብለን ተነስተናል፤ ኢንሻአላህ።

ነገሩ የሆነው በ2013 ነው። ኮሮና ክፉኛ የበረታበት፣ ኦክስጅን ያለው አልጋ ለማግኘት ሰው ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚንከራተትበት ወቅት ነበር። ከመስጂዳችን ጀመዓ አንዱ፣ ሃምሳውን ያለፈ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ፈጅር የማያመልጠው ወንድማችን ታመመ። ሆስፒታል ገብቶ አሥር ቀን በኦክስጅን ቆየና አልሐምዱሊላህ ተሽሎት ወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። ኮሮና አለፈ፣ አበቃ አልን።

ሳምንት ሳይሞላው የግራ እግሩ ባት አበጠ። ቤተሰቡ ብዙ ተኝቶ ስለቆየ ነው ብሎ ገመተ። አንዲት ዘመድ ደግሞ ብርድ ነው ብለው በቅቤ አሹት። እብጠቱ ሲብስ ሐኪም ዘንድ ተወሰደ። በአልትራሳውንድ ታየና እግሩ ውስጥ ደም ረግቷል ተባለ። ጠዋትና ማታ ሆዱ ላይ የሚወጋው መርፌ፣ ከመርፌው ጋር ደግሞ የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘለት።

ማክሰኞ ከመግሪብ በኋላ ሁለቱ ልጆቹ ወደ እኛ መጡ። ትልቁ ስልኩን አውጥቶ በቴሌግራም የተላከ መልእክት አሳየን። መርፌው የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ነው ይላል። «ኡስታዝ፣ አባታችን ይህን ሰምቶ አልወጋም ብሏል። ምን እናድርግ?» አለን።

እኛስ ምን አልን? ሐኪሙን ጠይቁ አላልንም። መርፌው ቢቋረጥ ምን እንደሚመጣ ራሳችንም አልጠየቅንም። ሼኻችን ለቅሶ ለመድረስ ገጠር ሄደው ነበርና እስከ ሐሙስ አይመለሱም። ደውለን መጠየቅ ስንችል አልደወልንም። «የተጠራጠሩትን መተው ይሻላል። ሼኹ እስኪመለሱ ሁለት ቀን ምን አላት? እስከዚያ ጥቁር አዝሙድ በማር ስጡት፣ እኛም ዱዓ እናደርጋለን» ብለን ሸኘናቸው። ልጆቹ እጃችንን ስመው፣ አመስግነውን ሄዱ። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረን ያ ምስጋናቸው ነው።

ሐሙስ ከዒሻ በኋላ ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ድንገት ትንፋሽ አጥሮት፣ ላብ አጥምቆት፣ ደረቱን ይዞ ወድቆ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ከእግሩ የተነሳ የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ነበር። አላህ አዘነለትና ተረፈ።

ሐኪሞቹ በሁለቱ ቀን ምክንያት ነው አላሉንም። መርፌውን እየተወጋም ቢሆን ሊደርስበት ይችል ነበር ብለዋል። የሆነው ሁሉ በአላህ ቀደር ነው፤ በዚህ አንጠራጠርም። ግን ቀደር የአላህ ነው፣ መልሱ ደግሞ የእኛ ነበር። የምንጠየቀውም ስለ መልሳችን ነው።

ሼኻችን ሲመለሱ ነገሩን ነገርናቸው። አልጮኹብንም። «ሐኪሙን ጠየቃችሁት?» ብቻ አሉን። ዝም አልን። ከዚያ በመድረሳ ከልጅነታችን ጀምሮ የቀራነውን ሐዲስ አስታወሱን። አቡ ዳውድ ከጃቢር የዘገቡት ነው። በጉዞ ላይ የነበረ አንድ ሰው ድንጋይ መትቶት ራሱ ተፈነከተ። በእንቅልፉ ጁኑብ ሆነና በተየሙም መብቃቃት ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ባልደረቦቹን ጠየቀ። እነሱም ውሃ እስካለ ድረስ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፣ ሞተም። ወሬው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ሰዎቹን ሰውየውን እንደገደሉ አድርገው ነው የወቀሷቸው፤ የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ መጠየቅ እንደሆነም አስተማሩ። ያንን ሐዲስ በቃላችን እናውቀው ነበር። ማክሰኞ ማታ ግን የት እንደነበረ አናውቅም።

ሳንባው የታመመ ሰው እግሩ ላይ ደም ለምን ይረጋል?

ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው በጀመዓችን ያሉ ሐኪሞችን ቁጭ ብለን የጠየቅነው። የተማርነውን እናካፍላችሁ።

ደም መርጋቱ በራሱ የአላህ ኒዕማ ነው። ቢላ ጣታችንን ሲቆርጠን ደሙ ረግቶ ባይቆም ኖሮ በትንሽ ቁስል እንሞት ነበር። ችግሩ ሳይቆረጥ፣ ሳይደማ፣ ደም ስር ውስጥ እንዳለ ሲረጋ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ በዚህ ጉዳይ ላይ ስሙ ይነሳል። ደም ያለ ቦታው የሚረጋባቸው ሦስት ምክንያቶች ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤት በእሱ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ደሙ ቀስ ብሎ ሲፈስ ወይም ሲቆም፣ ሁለተኛው የደም ስሩ የውስጥ ግድግዳ ሲጎዳ፣ ሦስተኛው ደሙ ራሱ ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት ሲዘጋጅ ነው።

ኮሮና የጸናበት ሰው ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። ቀናትና ሳምንታት አልጋ ላይ ይቆያል፤ የእግር ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው ስንንቀሳቀስ ነውና እግሩ ውስጥ ያለው ደም ይዘገያል። ሰውነቱ ቫይረሱን ሲዋጋ የሚነሳው እሳት የደም ስሮቹን የውስጥ ግድግዳ ይጎዳል። በዚሁ ጦርነት ጉበትና ሌሎች አካላት ደም የሚያረጉ ነገሮችን አብዝተው ይለቃሉ። በሽታው የጀመረው ሳንባ ውስጥ ነው፤ ደሙ ግን በመላ ሰውነት ይዞራል። ስለዚህ የሚረጋው ሳንባ ላይም፣ እግር ላይም፣ አንዳንዴ ልብና አንጎል ላይም ሊሆን ይችላል። ከእግር ተነስቶ ሳንባ ላይ ሲሰካ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል የሚችል አደጋ ነው።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኔዘርላንድስ ሦስት ሆስፒታሎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ 184 የኮሮና ታካሚዎች ታይተው ነበር። ሁሉም የደም መርጋት መከላከያ እየተሰጣቸው እንኳን 31 በመቶዎቹ ላይ ከደም መርጋት ጋር የተያያዘ ችግር ታየ። በዚያው ዓመት በኮሮና የሞቱ 7 ሰዎች ሳንባ በኢንፍሉዌንዛ ከሞቱ 7 ሰዎች ሳንባ ጋር ሲነጻጸር፣ በጥቃቅኖቹ የሳንባ ደም ስሮች ውስጥ የረጋው ደም በኮሮናው 9 እጥፍ በዝቶ ተገኘ። በስዊድን ደግሞ ኮሮና የያዛቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። እግር ላይ ደም የመርጋት አደጋው እስከ ሦስት ወር፣ ሳንባ ላይ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ከወትሮው ከፍ ብሎ እንደሚቆይ አሳይቷል።

ይህን የመጨረሻውን አስተውሉልን። ስድስት ወር! እኛ ግን ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ሳሉ ሲቆም በሽታው አለቀ እንላለን። የወንድማችን እግር ያበጠው ምርመራው ነፃ ካለው፣ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማረህ» ካለው በኋላ ነው።

«ኮሮና እኮ አልፏል፣ አሁን ይህን ማንሳት ምን ይጠቅማል?» የሚለን ይኖራል። ነገሩ የኮሮና ብቻ አይደለም። በካናዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው፣ ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ ከተረጋገጠባቸው ሰዎች መካከል በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመከሰቱ ዕድል በስድስት እጥፍ ከፍ ይላል። ይኸውም የልብ ደም ስር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣው ነው። «ጉንፋን ነው» ብለን የምንንቀው በሽታ አዛውንት አባቶቻችን ላይ ሲጸና ሌላ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ይህን ስንል ለማስፈራራት አይደለም። ጉንፋን የያዘው ሰው ሁሉ ደሙ አይረጋም፤ አብዛኛው በአላህ ፈቃድ በቀናት ይድናል። የምንፈራው ሲጸና፣ ሰውየው አልጋ ሲይዝ፣ በተለይም በዕድሜ የገፋ፣ ውፍረት ያለበት፣ ካንሰር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ የሆነች፣ ወይም ከዚህ በፊት ደም የረጋበት ሰው ሲሆን ነው።

መርፌውስ በእርግጥ ከአሳማ ነው?

አዎ። በቴሌግራም የመጣው መልእክት ውሸት አልነበረም። ግማሽ እውነት ነበር። ጉዳት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ግማሹ እውነት ነው።

ሄፓሪን የሚባለው መድኃኒት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1916 ሲገኝ ከውሻ ጉበት ነበር የተለየው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራው በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው። ለወንድማችን የታዘዘው ኢኖክሳፓሪን የተባለው መርፌም ከዚሁ ከሄፓሪን ነው የሚዘጋጀው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሙስሊም ታካሚም የሚወጋው ነገር ከምን እንደተሠራ ማወቅ መብቱ ነው።

ልጆቹ «ለምን ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም?» ብለውን ነበር። የታዘዘው ኪኒን ዋርፋሪን ነበር። ዋርፋሪን በኬሚካል የሚሠራ ነው፣ ከአሳማ ጋር ምንም አያገናኘውም። ግን ሥራውን በደንብ ለመጀመር ቀናት ይፈጅበታል፤ በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ብቻውን ከተወሰደ እንዲያውም መርጋቱን ሊያባብስ ይችላል። መርፌው የሚሰጠው ያንን ክፍተት ለመሸፈን ነው። እኛ «ሁለት ቀን ምን አላት» ያልናቸው ሁለት ቀናት፣ መርፌው እጅግ የሚያስፈልግባቸው ቀናት ነበሩ።

ዑለማዎቹ ምን አሉ?

ወደ ዲኑ እንምጣ። የአሳማ ሥጋ ሀራም መሆኑ ሙስሊም ሕፃን የሚያውቀው ነው። ይህን የሚያቃልል ሰው የለም፤ እኛም አናቃልልም። ነገር ግን አሳማን ሀራም ያደረገው ጌታ በዚያው በሱረቱል በቀራህ 173ኛ አንቀጽ ውስጥ፣ ፈልጎና ወሰን አልፎ ሳይሆን ተገዶ የበላን ሰው ከኃጢአት ነፃ አድርጎታል። ክልከላውና እፎይታው የመጡት በአንድ አንቀጽ ነው። ክልከላውን አንብበን እፎይታውን የምንዘል ከሆነ አንቀጹን ግማሽ ነው ያነበብነው።

ይህ መርፌ ደግሞ በስም ተነስቶ ዑለማዎች መክረውበታል። በሒጅራ አቆጣጠር በ1424፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003፣ በመካ የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት በ17ኛ ጉባኤው አጀንዳ አድርጎት ነበር። የደረሰበት ውሳኔ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ በሕክምናው የሚተካው የተፈቀደ አማራጭ ከሌለ፣ አማራጩም ሕክምናውን የሚያጓትት ከሆነ፣ ይህን ዓይነቱን ሄፓሪን መጠቀም ይፈቀዳል። ከሚያስፈልገው መጠን ግን አይታለፍም። በእርግጠኝነት ንጹሕ የሆነ አማራጭ ሲገኝ ወደዚያ ይኬዳል። የቴሌግራሙ መልእክት ያልነገረን ሌላው ግማሽ ይህ ነው።

ከዚህ ሌላ የኢስቲሓላ ጉዳይ አለ። ነጂስ የሆነ ነገር ባሕርዩ ተለውጦ ሌላ ነገር ከሆነ ብይኑም ይለወጣል የሚል ነው፤ ኸምር ኮምጣጤ እንደሚሆነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተካሄደ የፊቅህና የሕክምና ጉባኤ ይህን መንገድ ደግፏል። ሄፓሪን ግን ከአንጀቱ ተለይቶ የሚወጣ እንጂ ተለውጦ ሌላ የሚሆን አይደለም የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ የእኛ ዓይነቱ የመድረሳ ተማሪ ሊፈርድበት የሚገባ ነገር አይደለም። ለታመመው ሰው ግን በዚህ ልዩነት ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው በር፣ የችግር ጊዜ እፎይታ፣ ከፊቱ ተከፍቶለታል።

ስለ አማራጭ መጠየቅም ተገቢ ነው። ሐኪሙን «ከአሳማ ያልተሠራ የሚሆነኝ አለ?» ማለት ነውር የለውም። ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን የሚባሉ ኪኒኖች፣ ፎንዳፓሪኑክስ የሚባል መርፌም አሉ፤ የሚሠሩት በኬሚካል ነው። በአንዳንድ አገሮች ከከብት የሚዘጋጅ ሄፓሪንም ይገኛል። ግን ለሁሉም ሰው ሁሉም አይሆንም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው አለ። ነፍሰ ጡር እህታችን አለች፤ ዋርፋሪን ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፣ ሁለቱ አዳዲስ ኪኒኖችም ለእርሷ አይመከሩም፤ ሄፓሪን ግን ወደ ፅንሱ ስለማያልፍ የሚመረጥላት እሱ ነው። መድኃኒቱ በፋርማሲ የማይገኝበት፣ ዋጋው የማይቀመስበት ቦታም አለ። ስለዚህ አማራጭ እየተጠየቀ መርፌው ይቀጥላል፤ አማራጩ እጅ ሲገባና ሐኪሙ ሲፈቅድ ይቀየራል። መርፌው ቆሞ አማራጭ አይፈለግም።

«ጥንቃቄ ይሻላል» የምንለው ነገር

የእኛ ስሕተት ከየት እንደመጣ ብዙ አስበናል። ክፋት አልነበረም። ወረዕ ያደረግን መስሎን ነው። የተጠራጠሩትን መተው ትልቅ ሥነ ምግባር ነው፤ ሰለፎች የሚታወቁበት ነው። ግን ወረዕ ሰው በራሱ ሳህን፣ በራሱ ኪስ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው። እኛ ያደረግነው በሌላ ሰው ደም ስር ላይ ነው። ሌላውን ሰው ወደ ሞት በሚያቀርብ ነገር ላይ «ለጥንቃቄ» ማለት ጥንቃቄ አይደለም፤ ድፍረት ነው። ሀላሉን ሀራም ማለትም ሀራሙን ሀላል ከማለት ያነሰ ወንጀል አይደለም።

ሌላም አለ፣ እንናገረው። ሰው ጥያቄ ይዞ ወደ መስጂድ ሲመጣ «አላውቅም» ማለት ያሳፍረናል። ጥምጣማችን የሚቀንስ ይመስለናል። ኢማሙ ማሊክ ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው ለብዙ ጥያቄዎቹ አላውቅም ብለው መመለሳቸው በዒልም ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እሳቸው ያላፈሩበትን እኛ ማፈራችን ይገርማል።

ስለዚህ በመስጂዳችን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ወስነናል። የሕክምና ጉዳይ ያለበት ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የምንለው፦ «የታዘዘውን አታቋርጡ፤ ሐኪሙን ጠይቁና የነገራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ከዚያ ሼኹን እንጠይቃለን» የሚል ነው። የሁለት ሐኪሞችና የአንዲት ፋርማሲስት እህታችን ስልክ ቁጥርም ይዘናል፤ ሦስቱም ከጀመዓችን ናቸው። ገንዘብ አልጠየቀንም። በየመስጂዱ ይህን ማድረግ ይቻላል።

ለእናንተ ለወጣቶች

ቤት ውስጥ ስልክ የያዛችሁት፣ መልእክቱ መጀመሪያ የሚደርሳችሁ፣ አባትና እናትን ሐኪም ዘንድ የምትወስዱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ እነዚህን ያዙልን።

1. ምልክቶቹን እወቁ። በጽኑ የሳንባ ሕመም ወቅት ወይም ካገገሙ በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ከወጋ፣ ደም ያለበት አክታ ከመጣ፣ ሰው ራሱን ከሳተ፣ ወይም ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ይህ የሚያድር ነገር አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው።

2. ያበጠ እግር አይታሽ። በቅቤም ሆነ በዘይት፣ በዘመድም ሆነ በወጌሻ። ውስጡ የረጋ ደም ካለ ሊነቀልና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። መጀመሪያ ይመርመር።

3. ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሒጃማ አያድርግ። ሒጃማን የምንወደው ሱና ስለሆነ ነው፤ ግን ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት የሚወስድን ሰው ቆዳ መብጣት ደሙ እንቢ ብሎ እንዲፈስ ሊያደርግ ይችላል። ለሐጃሚ ወንድሞቻችንም አደራ፦ ከመብጣታችሁ በፊት ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ብላችሁ ጠይቁ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ዕፀዋትና ቅመም በመድኃኒት መልክ አብዝቶ ከመውሰዱ በፊትም ለሐኪሙ ይንገር፤ ጥቁር አዝሙዱንና ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሮ።

4. በፍርሃትም ራሳችሁ መድኃኒት አትግዙ። ደም ማቅጠኛ ሁለት ስለት ያለው ነው፤ መርጋትን ሲከላከል መድማትን ያመጣል። በእንግሊዝ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ በሆስፒታል የተኙ የኮሮና ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም አስፒሪን የሞትን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ከፍ ያለ መጠን ያለው ሄፓሪን እንኳን በዚያው ዓመት በወጡ ጥናቶች መካከለኛ ሕመም ያለባቸውን የሆስፒታል ታካሚዎች ሲጠቅም፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ላሉት አልጠቀመም። ለማን፣ መቼ፣ ስንት የሚለው የሐኪም ሥራ ነው።

5. ረመዳን ከገባ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ። ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ ወስኗል። ኪኒኑን ደግሞ በኢፍጣርና በሱሑር ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። የማይቻል ከሆነ ለበሽተኛ የተሰጠው ፈቃድ የአላህ ስጦታ ነው።

6. ከታመመው ሰው ጋር ተነሱ። አልጋ ላይ ያለውን እግሩን እንዲያንቀሳቅስ፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት ክፍሉ ውስጥ እንዲራመድ አግዙት። ውሃ ስጡት። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን የቆመ ደም ነው የሚረጋው።

7. «ከአሳማ ነው» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ዑለማዎች ምን አሉ ብላችሁ ጠይቁ። ያቺ አንዲት ጣት የምትነካው ቁልፍ በማታውቁት ቤት የአንድን አባት መርፌ ታስቆማለች።

ለሐኪም ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለን። ሙስሊም ታካሚያችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት። መርፌው ከምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልገው፣ አማራጭ ካለ ምን እንደሆነ፣ ቢያቋርጥ ምን እንደሚመጣ። ከእናንተ አፍ ቢሰማው ይረጋጋል። በሌሊት ከስልክ ሲያነበው ግን የተደበቀበት ይመስለዋል፤ ያን ጊዜ መርፌውን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ነው የሚተወው።

ተወኩል ሰበብን መተው አይደለም። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት የተማርነው ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነው። መርፌው ገመዱ ነው፤ ሺፋው ከአላህ ነው።

ያ ወንድማችን ዛሬም ከእኛ ጋር አለ። ሱቁን ለልጆቹ አስረክቧል፤ ደረጃ መውጣት ያደክመዋል። ድሮ ከኢማሙ በስተጀርባ ይቆም የነበረው ሰው አሁን በመጀመሪያው ሶፍ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል። ሙሉውን ታሪክ ነግረነው ዐፍው ጠይቀነዋል። «እኔም አልወጋም ብያለሁ እኮ፣ እናንተ ብቻ አይደላችሁም» ብሎ ሳቀና ዐፍው አለን። እኛ ግን ኢቃም ባልን ቁጥር ሶፉን ለማስተካከል ዞር ስንል ወንበሩን እናየዋለን።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ ሳናውቅ ከመመለስ፣ እያወቅንም ከመዘንጋት ይጠብቀን። ይህን ጽሑፍ አባት፣ እናት፣ የታመመ ዘመድ ላለው ሁሉ አድርሱልን። ወላሁ አዕለም።